ሞተሩን ተዉትና መጀመሪያ ቡሎኑን እዩ

ባህር ዳር ላይ ሳይክሉ ላይ ሞተር ያሰረ ሰው መንገድ ላይ ሲቆምበት፣ ገና ወርዶ እንኳ ሳያየው «የቻይና እኮ ነው!» ይላል፤ በቃ ነገሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ቆሽሾ ይሁን፣ ቤንዚኑ ላምባ ገብቶበት ይሁን፣ ካቴናው ዘሎ ይሁን ማንም አያጣራም፣ ቻይና ላይ ተፈርዷል። እኔ ግን ስነዳም፣ ሰፈር ውስጥ የሰው ስፈታና ስገጥምም የታዘብኩት ሌላ ነው። ሞተሩ ራሱ፣ ማለቴ ፒስተኑና ሲሊንደሩ፣ ከምናስበው በላይ ቻይ ነው። የሚከዳው የታሰረበት ነገር ነው፤ ቡሎኑ፣ ራጂው (የጎማው ሽቦ)፣ ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያ መሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የቤንዚን ቱቦው፣ ፍሬኑ። እነዚህን የሚያይ ሰው ርካሽ የሚባለውን ሞተር አመታት ይነዳዋል፣ የማያይ ሰው ደሞ ጃፓን ቢገጥምም መንገድ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ስለ ሞተር ሳይክል አይደለም የማወራው። ተራው ባለፔዳል ሳይክል፣ መሀል ፍሬሙ ላይ ትንሽዬ ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅለት) ሞተር ታስሮበት፣ በግራ በኩል ሁለተኛ ካቴና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድበት እሱ ነው። ማስነሻ የሚባል ነገር የለውም፣ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን እጀታ) ይዞ በፔዳል መንዳት ነው፣ ፍጥነት ሲይዝ መልቀቅ፣ ይነሳል። ሲሸጥ 80 ሲሲ ይባላል፤ የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 38 ሚሊ ሜትር ነው፣ አስሉት፣ 66 ሲሲ ነው የሚመጣው። 50 የሚባለውም 48 ነው። ይሄን ያነሳሁት በሲሲ ሲከራከር የሚውል ሰው ስለበዛ ነው እንጂ ለሳይክል 66ም ከበቂ በላይ ነው፣ እንዲያውም ለፍሬሙ ይበዛበታል።

ከተማችን መቼም ለሳይክል የተፈጠረች ነች፣ ሜዳ ናት፣ ዘንባባው አለ፣ ከፔዳ ግቢ ፖሊ ግቢ፣ ከፖሊ ገበያ ብዙም ሳይደክሙ ይደረሳል። ሞተር የሚያስፈልገው ከከተማ ለሚወጣ ሰው ነው። ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዘጌም ቢሆን በቀትር ፀሀይ በፔዳል ብቻ ያስመርራል፣ ሀይቅ ዳር መሬት ያለው ደሞ በጠዋት የውሃ ፓምፑ ጋ መድረስ አለበት። ፓምፕ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር አስተውሉ፦ የመስኖ ፓምፑ ላይ ያለው ሞተርም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከቻይና የመጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ ለብዙ በጋ ያገለግላል። ለምን? ፎር ስትሮክ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ግን ዋናው በከባድ ብረት ላይ ታስሮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በአንድ ፍጥነት ስለሚሰራ ነው። የኛው ግን ቀጭን ቱቦ ላይ ተሰቅሎ በየጉድጓዱ ሲዘል ይውላል።

ሳይክል ላይ ሞተር ማሰር ደሞ የድሀ ፈጠራ ነው ብሎ የሚስቅ አለ። ሶይቺሮ ሆንዳ የጀመረው እኮ በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሀማማትሱ ከተማ ላይ ከጦርነቱ የተረፉ የሰራዊቱን የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮች እየሰበሰበ ሳይክል ላይ ይገጥም ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሙከራ ለቤንዚን ታንከርነት ያገለገለችው ቤት ውስጥ የተገኘች የሙቅ ውሃ መያዣ ነች። የተገኙት ሞተሮች ሲያልቁበት የራሱን መስራት ጀመረ፣ በ1947 ኤ-ታይፕ የምትባለዋን አወጣ። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ ሀይላንድ አንጠልጥሎ ቤንዚን የሚነዳ ልጅ ሳይ አልስቅበትም (ሀይላንዷ የጋለው ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ አጠገብ ካልሆነች ማለቴ ነው)።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። በደቂቃ 5,000 ዙር ሲሄድ በሰከንድ ከ80 ጊዜ በላይ ፍሬሙን ይመታዋል ማለት ነው። ሳይክሉ የተሰራው ደሞ በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ጊዜ ለሚዞር የሰው እግር ነው። እንግዲህ ልዩነቱን የሚሸከሙት አራት ቡሎኖች ናቸው፣ እነሱም በካርቶኑ ውስጥ አብረው የሚመጡት ለስላሳ ብረት ናቸው፣ ጠበቅ ሲያደርጓቸው ጥርሳቸው ይላጣል። እኔ ገና ሳልገጥም አውጥቼ እጥላቸዋለሁ፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት ጠንካራ ቡሎን መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፣ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው። ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማርሚታው ጋ ግን ፕላስቲኩ ስለሚቀልጥ ሁለት ዳዶ ደርቦ ማሰር ይሻላል።

ብዙ ሰው የማይስማማኝ ነገር ደሞ ይሄ ነው፦ መንቀጥቀጡን ለመቀነስ ተብሎ ሞተሩና ፍሬሙ መሀል የከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ይገባል። መጀመሪያ ላይ እውነትም እጅ ላይ ያለው ንዝረት የቀነሰ ይመስላል። ላስቲኩ ግን ሞተሩን በራሱ እንዲወዛወዝ ነው የሚፈቅድለት፣ ሲወዛወዝ ቡሎኑ ይታጠፋል ይቀናል ይታጠፋል ይቀናል፣ አንድ ቀን ቀጭ ብሎ ከሞተሩ ውስጥ ይሰበራል፣ እና ሞተሩ ውስጥ የቀረ የቡሎን ጉማጅ ማውጣት ምን አይነት መከራ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ብረት በብረት ገጥሞ፣ ቱቦውን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ማቀፊያ ሰርቶ ማጥበቅ ነው ያለው መፍትሄ። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ያሉት አራት ዳዶዎችም የመጀመሪያው ታንከር ሲያልቅ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በመስቀል፣ አንዱን ጨርሶ ሳያጠብቁ ሁሉንም ቀስ በቀስ። በጋለበት ያጠበቀ ሰው ቴስታታው ይጣመምበታል፣ ከዚያ በጓርኒሲዮኑ በኩል እፍ እፍ ማለት ይጀምርና ያኔም «የቻይና እኮ ነው» ይባላል።

አሁን የኋላ ጎማው። እኛ ሰፈር ያለው ሳይክል ሰሪ፣ አያ ነው የምንለው፣ ሞተር ለማስገጠም ሰው ሲመጣለት ካርቶኑን አያይም፣ «መጀመሪያ ሳይክሉን አሳየኝ፣ ሞተሩ የትም አይሄድ» ይላል። ከዚያ የኋላውን ጎማ ከፍ አርጎ ያሽከረክረዋል፣ ራጂዎቹን ሁለት ሁለቱን እያጣመረ በጣቱ ይጨምቃቸዋል፣ የላላ ካገኘ ይዘረዝርልሃል። አንዴ ልጁ ቸኩሎበት «አያ ግድ የለም፣ እሽ፣ ሞተሩን ብቻ እሰርልኝ» ሲለው «እሽ ብዬ ባስርልህ፣ ወድቀህ እናትህ ምን ትለኛለች?» አለው። ልጁ ዝም ብሎ ጠበቀ።

አያ ልክ ነው። የኋላው ባለ 44 ጥርስ ማርሽ የሚታሰረው እምብርቱ ላይ ሳይሆን ራጂዎቹ ላይ ነው፣ በሁለት ላስቲክ መሀል ራጂዎቹን አቅፎ በዘጠኝ ቡሎን ይጨመቃል። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች በኩል ነው የሚያልፈው። ዘጠኙ ቡሎን እኩል ካልጠበቀ ማርሹ ሲዞር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ካቴናው አንዴ ይወጠራል አንዴ ይላላል፣ የላላ ጊዜ ይዘላል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ጎማውን ከፍ አርጎ ማሽከርከር፣ ፍሬሙ ላይ እርሳስ አስደግፎ ጫፉን ማርሹ ጥርስ ጋ ማስጠጋት፣ እርሳሱ አንድ ቦታ ነክቶ ሌላ ቦታ የሚርቅ ከሆነ ማርሹ መሀል ላይ አልተቀመጠም። ቡሎኖቹን ላላ አርጎ፣ እርሳሱን የነካውን ጎን ወደ መሀል በእንጨት መታ መታ፣ እንደገና ማጥበቅ። ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ።

ከዚህ የባሰችው ካቴና መወጠሪያዋ ሮለር ነች። ፍሬሙ ላይ በማቀፊያ ብቻ ተይዛ ነው የምትመጣው፣ ካቴናው ሲጎትታት በትንሽ በትንሹ ወደ ውስጥ ትዞራለች፣ ዞራ ዞራ ራጂ ውስጥ የገባች ቀን ጎማው ባለበት ይቆለፋል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ጎማ ተቆለፈ ማለት እንግዲህ አስቡት። ከሁሉም በላይ ሰው የምትጥለው ይቺ ነች፣ ሌላው ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ ያስገፋል። አያ ማቀፊያዋንና ፍሬሙን በስቶ ትንሽ ቡሎን ያሳልፍባታል፣ ሲሆንለት ደሞ የካቴናውን ርዝመት አስተካክሎ ጭራሽ ያወጣታል። እኔ ማውጣቱን ነው የምመርጠው።

ስለ አየርና ቤንዚን ደሞ። እኛ ያለነው ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሙቀቱ ያታልላል እንጂ ደጋ ባይባልም ከፍታ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ግን ፋብሪካ ሲወጣ ጣና የት እንዳለ አያውቅም፣ ለቆላ አየር እንደተሰራ ቤንዚኑን ያዘንባል። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ ይታፈናል፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ብርር ከማለት ይልቅ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ዘይት ያለቅሳል። ብዙ ሰው ይሄን «ጉልበት የለውም» ብሎ ሲሲ ወደመጨመር ይሄዳል። መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ክዳን ከፍቶ መርፌዋን ማየት ነው፤ አናቷ ላይ ቆረጥ ቆረጥ ያሉ መስመሮች አሉ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቀለበት ገብቷል፤ ቀለበቷን በአንድ መስመር ወደ ላይ ማውጣት መርፌዋን ዝቅ ያረጋታል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ከዚያ ትንሽ ነድቶ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት፦ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ተገኘ፣ ጥቁር ከሆነ ገና ነው፣ ነጭ ከሆነ ደሞ ቤንዚን አንሶታል፣ ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ነጭ ሲሆን ሁሌ መርፌዋ አይደለችም ጥፋተኛዋ። ካርቡሬተሩና ሞተሩ መሀል ያለው ጓርኒሲዮን ወረቀት ነው፣ ያንን ሁሉ ንዝረት ችሎ አይቆይም፣ ከተበሳ ሞተሩ በጎን አየር ይስባል። ምልክቱ ጋዝ ሳይሰጡት ራሱን ችሎ መጮሁ ነው፣ ሲለቁትም ቶሎ አይወርድም። ሞተሩ እየሰራ መጋጠሚያው ዙሪያ ግሪስ መቀባት ነው፣ ድምጹ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ማደያ ወረፋው ሲረዝም መንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጠውን መግዛት አለ፣ ማን ቀረለት። ከዘይት ጋር ከመደባለቃችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አርጉት፣ ንጹህ ከሆነ ወዲያው ተንኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይቀራል፣ ላምባ ወይም ናፍታ ካለበት ቅባት የነካው የመሰለ ክብ ይተዋል። ላምባ የገባበት ቤንዚን ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ከሞቀ በኋላ ደሞ ሽቅብ ላይ ኳኳኳ ያሰማል፣ ያ ድምጽ ፒስተኑ አናት ላይ እየተቀጠቀጠ ነው ማለት ነው፣ ታግሶ የሚነዳ ሰው ፒስተን ይገዛል።

ዘይቱ ላይ ደሞ ሁሉም የየራሱ ሀይማኖት አለው። ይሄ ሞተር ውስጡ የተቀመጠ ዘይት የለውም፣ የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር የመጣለትን ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን 16 ለ 1፣ ከተላመደ በኋላ 25 ለ 1 ብሎ ማሰብ ጥሩ ነው፣ ማለትም መጀመሪያ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በኋላ 40። እኔ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝቼ ነው የምለካው፣ ለሊትር ሁለት ሲሪንጅ፣ አለቀ። በክዳን የሚለካ፣ በአይን የሚገምት፣ «ይብዛ፣ ዘይት አይጎዳም» የሚል አለ፤ ይጎዳል እንጂ፣ የበዛው ዘይት ማርሚታው ውስጥ ከሰል ሆኖ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። የመኪና ዘይት የሚያደርግም አለ፣ እሱ በቱ ስትሮክ እንዲቃጠል ተደርጎ አልተሰራም፣ ካንዴላው ላይ ቅርፊት ይሰራል።

ባህር ዳር ላይ ደሞ የራሳችን የሆነ ነገር አለ፣ የጀልባ ሞተር ዘይት። ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ስላሉ ሀይቅ ዳር ዘመድ ያለው ሰው ከዚያ ያመጣል። ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ካለበት በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሰራ ነው፣ የሀይቁ ውሃ ገላውን እያጠበ የሚያቀዘቅዘው ሞተር እንደኛው አይግልም። የኛው በነፋስ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የተጻፈበት ይሻለዋል። ከምንም ግን የጀልባው ከመኪናው ይሻላል፣ ቢያንስ የተሰራው ለቱ ስትሮክ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፣ በዛዊት። ከተማው ሜዳ ነው ብያለሁ፣ ቤተ መንግስቱ ያለበት ኮረብታ ግን አለ፣ አባይን ቁልቁል ለማየት የማይወጣ የለም። ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል ሰው ያዝንለታል፤ የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው። ጋዙ ተዘግቶ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይያዝ፣ ጎማው ሞተሩን በሀይል ያሽከረክረዋል፣ ቤንዚን ስለተዘጋ ዘይትም የለም፣ ፒስተኑ ደረቁን ይሮጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን መያዝ ነው፣ ወይም በየመሀሉ ጋዝ ሰጥ ማድረግ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልልም፣ ከሞተሩ የሚወጡት ገመዶች ፍሬሙ ላይ እንዳይፈገፈጉ በፕላስተር መጠቅለል፣ ነጯን ገመድ ለመብራት ብላችሁ አትንኳት፣ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል። ካንዴላውን ደሞ የተሻለ ገዝቶ ክፍተቱን 0.6 ሚሊ ሜትር ማድረግ።

ክረምት ሲገባ የሚያቆመው ብዙ ነው፣ የዘጌ ጭቃ ይታወቃላ። አቁማችሁት ስትገቡ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሰሩት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲተን ዘይቱን ሙጫ አርጎ ይተወዋል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ መስከረም ላይ አልነሳ ይላል። ታንከሩን ደሞ ግማሽ አትተዉት፣ ባዶው ቦታ ላይ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጥና ቆርቆሮው ከውስጥ ይዝጋል።

ክረምትም ለሚነዳ ሰው ግን ፍሬን። ፍጥነት ከ20 ወደ 40 ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ቸርኬው (የጎማው ክብ) የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ዝናብ ሲነካው ላስቲኩ ያንሸራትታል፣ ጨብጠህ ጨብጠህ መጀመሪያ ውሃውን ነው የምትጠርገው። ሞተር ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ፍሬን ጎማ ሳይለውጥ የሚነዳ ሰው አይገባኝም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ይመጣል፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ያበቃል የሚሉኝ አሉ። ቤንዚኑና ካርቡሬተሩ ይቀራል፣ እስማማለሁ፣ ደስም ይለኛል። ራጂው፣ ቡሎኑና ፍሬኑ ግን እዚያም ያው ነው፣ እንዲያውም ባትሪው ክብደት ይጨምርበታል።

እስከዚያው ያገለገለ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሞተሩን ለማስነሳት አትቸኩሉ። የኋላውን ጎማ ከፍ አርጋችሁ አሽከርክሩና ማርሹን እዩ፣ ራጂዎቹን እንደ አያ ጨምቁ፣ ቡሎኖቹ ጥርሳቸው የተላጠ እንደሆነ እዩ፣ ካንዴላውን አስፈትታችሁ ቀለሙን እዩ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ ሳይክሉን በእጅ ግፉት፣ ካንዴላው ገብቶ ጎማው በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ባለቤቱ ገና ሳትደርሱ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ደሞ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ በቀዝቃዛው አስነሳው በሉት።